ጢሱ ይውጣ እንጂ ሰው አይውጣ

የለመዱት ነገር ክፉ ቢሆንም ክፉ አይመስልም። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረውን ጉዳት እንደ ቤተ ዘመድ ስለሚቈጥረው ከቤቱ ላስወጣው ብሎ አያስብም። እኔ ይህን የተማርሁት በአታት ከአባቴ ቤት ነው።

ቤታችን እንደ ጉራጌ አገር ልማድ ክብ የሣር ቤት ነበረ። እሳቱ ከመካከል ይነዳል፤ ጢሱም መስኮት ስለሌለ ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይሾልካል። ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ጣሪያውን ከተባይና ከመበስበስ ይጠብቅ ነበር። ዳሩ ግን ለጣሪያው ዕድሜ የሚጨምረው ጢስ ከአክስቴ ዕድሜ ላይ ይቀንስ ነበር፤ አክስቴ የአስም በሽተኛ ነበረችና።

በአንድ የመስቀል በዓል ቤቱ በዘመድ ሞልቶ ሳለ፣ በክረምቱ ዝናም የራሰው እንጨት ይጤስ ጀመር። አክስቴ ደረቷን ይዛ ተነሣችና ወደ ጀፎረው ወጣች። እንግዶቹ «ከኛ ጋር መቀመጥ ጠልታ ነው» ብለው አጉረመረሙ፤ እኔም አፈርሁባት። ተከትዬ ብወጣ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ትንፋሿም እንደ ፉጨት ይሰማል። «እሳቱን እናጥፋው?» ብላት፣ «ተው ልጄ፤ እንግዳ ይሙቅ፤ እኔ ብወጣ ይሻላል» አለችኝ።

በማግሥቱ ወደ አታት ሆስፒታል ወሰድናት። ይህ ሆስፒታል በሕክምና ሥራ የተሰማሩ የካቶሊክ እኅቶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ያቋቋሙት ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ከሰጣት በኋላ «የምትተኛው ከምድጃው ምን ያህል ርቃ ነው?» ብሎ ጠየቀን። የምንመልሰው አጣን። አስም የያዘው ሰው የሳንባው ቧንቧዎች ቍጡ ናቸው፤ ጢስ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይጠባሉ፣ አክታም ይሞላቸዋል። ታማሚው ታክሞ ወደዚያው ጢስ ቢመለስ በሽታው እንደገና ይነሣበታል።

ታሪክን ብንመረምር ሰዎች ለብዙ ዘመን እንደ አክስቴ ሲፈርዱ እናገኛቸዋለን። በ12ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረው ታላቁ ሐኪም ሙሴ ማይሞኒድስ ስለ አስም በጻፈው መጽሐፍ የከተማን አየር ነቅፎ ታማሚው ንጹሕ አየር እንዲፈልግ መክሯል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚሄደው በሽተኛው ነው፤ ጢሱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

በአገራችን ደግሞ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ቆሻሻ ማቃጠል ልማድ ሆነ። አሳቡ በሽታን ለማባረር ስለሆነ ቅን ነው። ነገር ግን በጢሱ የሚሰደደው በሽታው ሳይሆን ደረቱ የታመመው ሰው ነው።

ፍርዱ መለወጥ የጀመረው ከብዙ ሞት በኋላ ነው። ከኅዳር 26 ቀን 1945 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ቀን ያህል የድንጋይ ከሰል ጢስ ከጉም ጋር ተደባልቆ የሎንዶንን ከተማ ሸፈነ። በዚያን ጊዜ 4,000 ያህል ሰው ሞተ ተባለ፤ ኋላ የመረመሩት ግን እስከ 12,000 አድርሰውታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 የእንግሊዝ ፓርላማ የንጹሕ አየር ሕግ አወጣ፤ በተከለሉ ሰፈሮችም ጢስ ማውጣት ተከለከለ። በዚህ ጊዜ ሰው ተቀመጠ፤ ጢስ ተባረረ። በኛም አገር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 በሥራ ቤትና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ሲጋራ ማጨስን ከልክሏል።

ይሁን እንጂ አዋጅ ወደ ጓዳ አይገባም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 በወጣ ጥናት በቡታጅራ ገጠር ቤቶች አየሩ ተለክቶ፣ ከእሳት የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለው መርዘኛ አየር የዓለም ጤና ድርጅት ያን ጊዜ ለዓመት አማካይ ከወሰነው ልክ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ዳኛው የቤቱ ሰው ራሱ ነው።

እኛም ተመካከርን። አባቴ «እሳት የሌለበት ቤት የሰው ቤት አይደለም» ብሎ ብዙ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ግን ከጓሮ ማድ ቤት ተሠራ፤ እንጨቱም ከክረምት በፊት ደርቆ ይከማች ጀመር። የአክስቴ በሽታ አልጠፋም፤ መድኃኒቷንም አልተወችም። ነገር ግን በሚቀጥለው መስቀል ከእንግዶቹ መካከል ተቀምጣ አመሸች። እኔም አፍሬባት ስለ ነበረ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ቢኖር፣ ደካማ ነው ብለህ አትናቀው። ቡና ሲፈላ ከሰሉንና ዕጣኑን ከደጅ አድርገው፤ በሩን ክፈት፤ የሚያጨሰውን በትሕትና ወደ ውጭ ሸኘው፤ ብትችል ጢስ የሚቀንስ ምድጃ ግዛ። ታማሚው ስለሚያፍር «እኔ ልውጣ» ይልሃል። አንተ ግን አስቀምጠውና ጢሱን አስወጣ።