ሌባው ሰማይ ያያል

መርካቶ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሦስት ካርታ የሚያገላብጡትን ቁማርተኞች ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ ተጫውቼ አላውቅም። ፓሪስ ሄጄ ግን፣ ከኤፍል ማማ ሥር፣ 50 ዩሮ ተበላሁ።

መሬት ላይ ቁራጭ ምንጣፍ፣ ሦስት ኩባያ፣ አንዲት ትንሽ ኳስ። ከጎኔ የቆመች ቱሪስት መሳይ ሴትዮ ሁለቴ በላች። በሦስተኛው እኔ ገባሁ። ኳሷ የገባችበትን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ኩባያው ሲነሳ ባዶ ነው። ወዲያው አንዱ "ፖሊስ!" አለ። አጫዋቹና ሴትዮዋ ተያይዘው ወደ አንድ አቅጣጫ ሮጡ። ያኔ ገባኝ።

ጨዋታው ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት ለወዳጁ ለሉኪሊዩስ በጻፈው ደብዳቤ የኩባያና የጠጠር አጫዋቾችን ያነሳል፤ እሱን ደስ የሚለው መታለሉ ራሱ ነው። ቦርሳው ስላልተነካ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1500 አካባቢ ሄሮኒመስ ቦሽ ወይም የእሱን ፈለግ የተከተለ ሠዓሊ ይህንኑ ጨዋታ ሥሏል። ሥዕሉ የሚገኘው እዚያው ፓሪስ አጠገብ፣ ሳን ዠርመን አን ሌ ከተማ ነው። አጫዋቹ ከጠረጴዛው ኋላ ኳስ ይዞ ቆሟል፤ አንዱ ተመልካች ጎንበስ ብሎ ኩባያዎቹ ላይ አፍጥጧል። ከጀርባው ያለው ባለመነጽር ምንም እንደማያውቅ ሰው ሽቅብ አንጋጧል፤ እጁ ግን የጎንባሳውን ቦርሳ ይዟል።

የእኔዋ ማማም የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1925 ቪክቶር ሉስቲግ የተባለ አጭበርባሪ የመንግሥት ሹም ነኝ ብሎ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎችን ትልቅ ሆቴል ጠራ። ማማው ሊፈርስ ነው፣ ምስጢር ነው፣ አላቸው። አንዱ ከፈለ። እንደሚነገረው ሰውየው አፍሮ ለፖሊስ ሳያመለክት ቀረ፤ ሉስቲግም ተመልሶ ማማውን ዳግም ሊሸጥ ሞከረ።

እኔም አላመለከትኩም። ለባለቤቴ "ታክሲ በላው" አልኳት። ወደ ውጭ የሚሄድ ወዳጅ ሲያማክረኝ ግን "ኩባያውን ተወው፣ ከጎንህ የቆመውን እይ" እላለሁ። ከየት እንዳወቅሁት አልናገርም።