ሽበትና ሂና፦ ከአቡ ቁሐፋ ጺም እስከ ዘመናችን ጥቁር ቀለም

 የዛሬው ርእሳችን ሽበት ነው። በየቤቱ ሳቅም ጭቅጭቅም የሚያስነሳ ጉዳይ ነው። አባት ጺማቸውን ሂና ሲቀቡ ልጆች ይስቃሉ። ጥቁር ቀለም ተቀብተው ከመጡ ደግሞ አንዱ ልጅ ይነሳና «ሐራም ነው» ይላል። እናት ፀጉራቸውን አጥቁረው ሰርግ ሲሄዱ ጎረቤት ያማቸዋል፤ ሳይቀቡ ቢሄዱም «ራሷን ጣለች» ይባላሉ። ይህ ሁሉ የሚነገረው በዲን ስም ነው። እኛ ዛሬ ፈትዋ ልንሰጥ አልመጣንም፤ ለዚያ ባለቤቶች አሉት። ታሪኩን ግን እናንሳው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በዚህ ጉዳይ የነበራቸው አያያዝ ዛሬ በየሳሎኑ ከምንሰማው ክርክር እጅግ የሰፋ ነበር።

እኛ «ሽበት» የምንለውን ዐረቦች «ሸይብ» ይሉታል። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ዘመዳሞች ናቸው። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አያት ዐብዱልሙጦሊብ የመጀመሪያ ስማቸው «ሸይባ» ነበር፤ ሲወለዱ በራሳቸው ላይ ነጭ ፀጉር ስለታየ ነው ይባላል። የሚገርመው፣ በመካ ፀጉርን በጥቁር ማቅለም ያስለመዱትም እኚሁ ስማቸው ሽበት የሆነ ሰው መሆናቸውን ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ሰዕድ (በ230 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ845 ያረፉት) ያወሳሉ። ዐብዱልሙጦሊብ ወደ የመን ሲወርዱ የሚያርፉት ከሒምየር ታላላቆች በአንዱ ቤት ነበር። አስተናጋጃቸው ይህን ነጭ ለውጠው ወጣት መምሰል ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱ። መጀመሪያ ሂና፣ በላዩ ላይ ደግሞ ወስማ የሚባለውን ፀጉር የሚያጠቁር ቅጠል ተቀቡ። ለመንገድም ብዙ ቀለም ተሰናድቶላቸው ተመለሱ። መካ የገቡት ሌሊት ነበርና ጠዋት ከሰው ፊት ሲቀርቡ ፀጉራቸው የቁራ ላባ መስሎ ታየ። ባለቤታቸው ኑተይላ፣ የዐባስ እናት፣ ምነው ይህ በዘለቀልህ አለቻቸው። እሳቸውም ቢዘልቅ ባመሰገኑት ነበር፣ ሞት ወይም እርጅና ግን እንደማይቀር በግጥም መለሱላት። ከዚያ ወዲህ የመካ ሰዎች ይቀቡ ጀመር ይላል ትረካው።

አሁን ወደ ሂጅራ እንምጣ፤ እ.ኤ.አ. 622 ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዕድሜ ከአቡበክር (ረ.ዐ) በሁለት ዓመት ያህል ይበልጣሉ። ሆኖም አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንደሚነግሩን፣ በመንገድ የሚያያቸው ሰው ሽማግሌ የሚመስሉት አቡበክር ነበሩ፤ ነቢዩ ወጣት ይመስሉ ነበር። መንገደኛው የሚያውቀው አቡበክርን ስለነበር፣ ከፊትህ ያለው ሰው ማነው ብሎ ይጠይቃቸዋል። አቡበክርም መንገድ የሚመራኝ ሰው ነው ብለው ይመልሳሉ። ጠያቂው የበረሃውን መንገድ ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን የኸይርን መንገድ ማለታቸው ነበር። መዲና ሲገቡም ከስደተኞቹ መካከል ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው አቡበክር ብቻ ስለነበሩ፣ በሂናና ከተም በሚባለው ተክል ቀብተውት ጥቁር ቀይ እስኪሆን ደረሰ። ይህ በቡኻሪ ውስጥ ተመዝግቧል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ግን የአባታቸው ነገር ነው። አቡ ቁሐፋ መካ የቀሩ፣ ዐይናቸው የጠፋ፣ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ አዛውንት ነበሩ። በ8ኛው ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ630) የሙስሊሞች ጦር መካን ሲቃረብ ትንሿን ልጃቸውን ወደ አቡ ቁበይስ ተራራ እንድታወጣቸው ጠየቋት። ኢብኑ ኢስሐቅ እንደሚተርኩት፣ እሷ የምታየውን ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ይተረጉሙላታል። የተሰበሰበ ጥቁር ነገር አያለሁ ስትል ፈረሰኞች ናቸው ይላሉ። አንድ ሰው ከፊታቸው ወዲያ ወዲህ ይላል ስትል ሰልፍ የሚያስተካክለው ነው ይላሉ። ጥቁሩ ተበተነ ባለች ጊዜ ግን ጦሩ መለቀቁን ዐወቁና ቶሎ ወደ ቤት ውሰጂኝ አሏት። ቤት ሳይደርሱ ፈረሰኞቹ ደረሱባቸው፤ ከልጅቷ አንገትም አንዱ የብር ድሪዋን ነጠቃት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መስጂድ ሲገቡ አቡበክር አባታቸውን እየመሩ መጡ። ነቢዩም ሽማግሌውን ለምን ከቤታቸው አልተውካቸውም፣ እኔው በመጣሁ ነበር አሉ። ከፊታቸው አስቀምጠው ደረታቸውን ዳሰሱ፣ ወደ እስልምና ጋበዟቸው፤ አቡ ቁሐፋም ሰለሙ። ራሳቸውና ጺማቸው «ሠጋማ» እንደሚባለው አበባውም ፍሬውም ነጭ የሆነ ተክል ነጥቶ ነበር፤ እኛ ብንሆን ጥጥ መስሎ እንላለን። ይህን ነጭ በአንድ ነገር ለውጡላቸው፣ ጥቁርን ግን ራቁ የሚለው ትእዛዝ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ልብ በሉ፤ ከተማ በተከፈተበት፣ ስንት የመንግሥት ጉዳይ በተደራረበበት ቀን፣ የአንድ ዐይነ ስውር አዛውንት ፀጉር ነገር ተነሳ። እኛ ይህን ሐዲስ ስናነሳ ብዙ ጊዜ «ጥቁርን ራቁ» የሚለው ላይ ብቻ እንቆማለን። እኔው በመጣሁ ነበር የሚለውን ለምን እንደምንዘለው አላውቅም።

አቡ ቁሐፋ ኸሊፋ ከሆኑት ልጃቸው በኋላ ጥቂት ወራት ኖረው በ14ኛው ሂጅራ አረፉ።

ታዲያ ሶሐቦች ሁሉ ይቀቡ ነበር ወይ? አይደለም። አይሁድና ነሷራ ሽበታቸውን አይቀቡምና ተለዩአቸው የሚል ትእዛዝ በቡኻሪና በሙስሊም አለ። ሂናና ከተም ከመቀቢያዎች ሁሉ የተሻሉ መሆናቸውም ተነግሯል። እንዲያም ሆኖ አያያዛቸው የተለያየ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) በንጹሕ ሂና ይቀቡ ነበር። ዐሊይ (ረ.ዐ) ጺማቸው ነጭ እንደነበር ብዙዎች ዘግበዋል። ኡበይ ኢብኑ ከዕብም እንዲሁ ሳይቀቡ ትተውታል። የራሳቸው የነቢዩ ነገር እንኳ ሁለት ዓይነት ዘገባ አለው። አነስ በራሳቸውና በጺማቸው የነበረው ነጭ ፀጉር ሃያ እንኳ ስለማይሞላ መቀባት አላስፈለጋቸውም ይላሉ። በኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ዘንድ ተቀምጦ የነበረውን ፀጉራቸውን ያየ ሰው ደግሞ ቀይ ሆኖ እንዳየው ይናገራል። አጥ-ጦበሪ (በ310 ሂጅራ ያረፉት) ይህን ልዩነት ሲያስታርቁ፣ ፀጉሩ እንደ አቡ ቁሐፋ ፈጽሞ ለነጣ ሰው መቀባቱ፣ ሽበቱ ጥቂት ለሆነ ደግሞ መተዉ ተገቢ ነው ይላሉ። ትእዛዙ ግዴታ እንዳልሆነ ሁሉም ስለተረዱም አንዱ ሌላውን አልነቀፈም ብለዋል።

አንድ ከቤት ውስጥ የወጣ ወሬ ልጨምርላችሁ። ኢማም ማሊክ በ«ሙወጦእ» እንደዘገቡት፣ ዐብዱረሕማን ኢብኑል አስወድ የሚባሉ ራሳቸውም ጺማቸውም የነጣ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ጺማቸውን አቅልተው ከጓደኞቻቸው ዘንድ መጡ። ጓደኞቻቸውም ይህ ይሻላል አሏቸው። እሳቸውም ነገሩን ሲያስረዱ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ማታ ኑኸይላ የምትባለውን አገልጋያቸውን ልከው እንዲቀቡ በመሐላ ለመኗቸው፤ አባቴ አቡበክርም ይቀቡ ነበር አሏቸው። ማሊክ ከዚህ ወሬ ብልህ የሆነ ነገር ያወጣሉ። ነቢዩ ይቀቡ ቢሆን ኖሮ ዓኢሻ አባታቸውን ሳይሆን ነቢዩን በጠቀሱ ነበር ይላሉ። ስለ ጥቁር ቀለም ሲጠየቁ ደግሞ የታወቀ ነገር አልሰማሁም፣ ሌላው ቀለም ለእኔ የተወደደ ነው፣ ጨርሶ መተዉም ሰፊ ነው፣ በሰዎች ላይ ጥበት የለበትም አሉ።

እውነተኛው ክርክር ጥቁሩ ላይ ነው። ይህን ስናነሳ ሁለቱንም ወገን መናገር አማና ነው። በቡኻሪ እንደተዘገበው፣ በ61ኛው ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ680) ሑሰይን (ረ.ዐ) ከርበላ ላይ ተገድለው ራሳቸው ለኢብኑ ዚያድ ሲቀርብ በወስማ ተቀብቶ ነበር። ኢብኑል ቀይም (በ751 ሂጅራ ያረፉት) በጥቁር ቀብተዋል ከተባሉት መካከል ሐሰንን፣ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስን፣ ዑቅባ ኢብኑ ዓሚርንና ሌሎችንም ይጠቅሳሉ። ታላቁ ታቢዒ አዝ-ዙህሪ ፊታቸው ገና ወጣት ሳለ በጥቁር ይቀቡ እንደነበርና ፊት ሲጨማደድ፣ ጥርስ ሲረግፍ እንደተዉት ተዘግቧል። በሌላ በኩል ጥቁር ቀቢዎችን ብርቱ ዛቻ የሚያስፈራራ ሐዲስ በአቡ ዳውድ አለ። ኢማም አን-ነወዊም (በ676 ሂጅራ ያረፉት) በሻፊዒያ መዝሀብ ትክክለኛው አቋም ሐራም መሆኑ ነው ብለዋል። ከጂሃድ ሜዳ ውጪ ማለት ነው፤ ጠላት ፊት ወጣት መስሎ መታየት የተፈቀደ መሆኑን ብዙዎች ይስማሙበታል። ከሐነፊያ ደግሞ አቡ ዩሱፍ ፈቅደዋል። ምክንያታቸውም ደስ ይላል፤ ሚስቴ እንድታጌጥልኝ እንደምወድ እሷም እንዳጌጥላት ትወዳለች የሚል ነው። ኢስሐቅ ኢብኑ ራሀወይህም ሴት ለባሏ በጥቁር ብትዋብ ፈቅደዋል። ወደ ዘመናችን ስንመጣም ልዩነቱ እንዳለ ነው። ሸይኽ ኢብኑ ባዝ (እ.ኤ.አ. በ1999 ያረፉት) ከልክለዋል። ሸይኽ አል-ቀርዷዊ (እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፉት) በ1960 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ሽማግሌ በጥቁር ባይቀባ፣ ፀጉሩ ያለዕድሜው የነጣ ወጣት ግን ቢቀባ ነውር የለውም ወደሚለው አዘንብለዋል።

ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ማታለል ነው። ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ» እንደሚያወሱት፣ በዑመር ዘመን አንድ ሰው ፀጉሩን አጥቁሮ አገባ። ቀለሙ ሲለቅ ሽበቱ ወጣ። የሚስቱ ቤተሰቦች ወጣት መስሎን ነው የዳርነው ብለው ከሰሱ። ዑመርም ሰዎቹን በወጣትነት አታለልካቸው፣ ሽበትህን ደበቅክባቸው ብለው ቀጡት፣ ጋብቻውንም አፈረሱ። በዛሬ ጊዜ በፎቶ ብቻ ተያይቶ ከባሕር ማዶ የሚታጨው ሰው ሲበዛ ይህ ወሬ አርጅቷል የምንለው አይደለም።

በአገራችን ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሐረር፣ በድሬዳዋና በጅግጅጋ፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ አዛውንቶችን ማየት የተለመደ ነው። ቅጠሉ ፀጉርን ከቀይ ብርቱካን አያሳልፈውም። ብቻውን ፈጽሞ አያጠቁርም። «ጥቁር ሂና» ተብሎ ሲሸጥ ልንጠራጠር የሚገባው ለዚህ ነው። ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል ቀለም እንደሚሰጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኢውጂን ሹለር በ1907 የፀጉር ቀለም ሠርቶ መሸጥ ጀመረ፤ ኋላ ሎሬአል የሆነውን ድርጅትም አቋቋመ። ፒፒዲ ዛሬ በብዙ የጥቁር ቀለም ዱቄቶች ውስጥ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በፀጉር ቀለም ውስጥ ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለቆዳ መቀቢያነትም አይፈቀድም። ብዙ ጊዜ ግን በሰርግ ሰሞን ከሂና ጋር ተቀላቅሎ በሙሽሮች እጅና እግር ላይ ይቀባል። ቆዳን ያቃጥላል፣ ያቆስላል። አንዴ ሰውነቱ የተቆጣበት ሰው ከዚያ በኋላ በትንሹም ሊታመም ይችላል። ከተዋጠ ደግሞ ጉሮሮን አሳብጦ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ኩላሊትን ያቆማል። ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ የኻርቱም ሐኪሞች ብዙ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን አክመዋል፤ የሞቱም አሉ። ስለዚህ እቤት ያለ ዱቄት ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ፤ የሚቀባም ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በትንሽ ቦታ ይሞክረው።

በመጨረሻ ብዙዎች የሚጠይቁን የዉዱእ ነገር ነው። ሂናው ታጥቦ ቀለሙ ብቻ ከቀረ ውሃ ከመድረስ አይከለክልም። የደረቀው ለጥፍ ግን በእጅና በእግር ላይ እያለ ዉዱእ ቢደረግ ውሃውን ይከለክላልና አስቀድሞ ይታጠብ።