ኑግ፣ ሱፍና ተልባ፤ ያልተጻፈው የጾም ገበታ ታሪክ

የአንድ አገር ታሪክ ተብሎ በብዛት የሚጻፈው የነገሥታቱ ዜና፣ የጦር ሜዳው ውሎ፣ የግብሩና የርስቱ ሥርዓት ነው። ይህ መጻፉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡ ከቀን ወደ ቀን ምን ይበላ እንደ ነበር፣ ያንንም ምግብ በምን ዓይነት ብልኀት ያዘጋጀው እንደ ነበር ሳይመረመር የአገሩ ታሪክ ታወቀ ለማለት አያስደፍርም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከቅባት እህል የሚዘጋጀውን የጾም ማባያ ነው። ይኸውም ወተት ሳይሆን እንደ ወተት የሚነጣው የሱፍ ውሃ፣ እርጎ ሳይሆን እንደ እርጎ የሚጎመዝዘው ስልጆ፣ እንዲሁም ተልባና ኑግ ነው። ምርመራችንን ከአዊ አገር፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ አገር በውጭ ሰዎች መጻሕፍት በቅቤውና በማሩ የታወቀ ሲሆን፣ ስለ ጾም ገበታው ግን የተጻፈለት እጅግ ጥቂት ነውና።

ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ የዓባይን ምንጭ ለማየት ግሽ የደረሰው በ1763 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር በ1770) ነበር። ግሽ ዛሬ ከአዊ ጋር በሚዋሰነው በሰከላ ወረዳ ይገኛል። ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ አገው ሕዝብ ሲጽፍ፣ ሰዎቹ በአንድ ጊዜ ሺህም፣ ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ሰምና ቆዳ ይዘው ወደ ጎንደር ከተማ እንደሚመላለሱ ይናገራል። ቅቤው በረጅሙ መንገድ እንዳይቀልጥና እንዳይበላሽ የመቅመቆ ሥር ወቅጠው እንደሚጨምሩበት እንኳ ሳይቀር መዝግቦልናል። ከእርሱ በኋላ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ድረስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ የተቀመጠው ሮበርት ቺዝማንም በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ፣ ከርእሱ እንደምንረዳው፣ ዋና ጉዳዩ የጣና ሐይቅና የዓባይ ወንዝ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ያ ሁሉ ቅቤ ወደ ጎንደር ሲገባ፣ የጎንደር ሰው ስንቱን ቀን ቅቤ ይበላ ነበር? ጎንደር የክርስቲያን መንግሥት መናገሻ ነበረች። ፍትሐ ነገሥትም በዐሥራ አምስተኛው አንቀጽ ስለ ጾም ይደነግጋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታና ነነዌ አሉ፤ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ሁሉንም አጥብቀው ለሚጾሙት ካህናትና መነኮሳት የጾሙ ቀን በዓመት እስከ 250 እንደሚደርስ ይቈጠራል። በነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል አይቀመስም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሕዝቡን ጾም ጥብቅነት ጽፎልናል። እንግዲህ ስለ ቅቤው የተጻፈው ታሪክ የገበታውን አንዱን ወገን ብቻ የሚነግረን ነው። ሌላው ወገን፣ ይልቁንም ብዙውን ቀን የሚይዘው፣ በብራና ሳይሆን በሴቶች እጅ የኖረ ነው።

በባሕረ መካከል ዙሪያ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ለጾማቸው ቅባት የሚያገኙት ከወይራ ፍሬ ነበር። በሶርያና በሊባኖስ ሰሊጥን አልፍተው ከሽምብራ ጋር በማደባለቅ እንጀራቸውን ያጠቅሱበታል። የእኛ ደጋ ወይራ ቢበዛበትም፣ ወይራችን ለእንጨትና ለጭስ እንጂ ለዘይት አልዋለም። ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ቅባትን ከዛፍ ሳይሆን ከማሳ መፈለግ ነበረባቸው፤ ማሳውም አላሳፈራቸውም።

ከነዚህ የቅባት እህሎች ዋነኛው ኑግ የገዛ አገራችን ልጅ ነው። የእጽዋት ሊቃውንት እንደሚሉት ኑግ የተገኘው በኢትዮጵያ ደጋ፣ መጭ ከምንለው የዱር ዘመዱ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. (በ1927 እ.ኤ.አ.) አገራችንን ከጎበኘ በኋላ፣ ኢትዮጵያን ሰብሎች ከበቀሉባቸው ጥንታውያን የዓለም ማእከሎች አንዷ አድርጎ ሲቈጥር ኑግን ከጤፍ ጋር አስቦታል። በሳይንስ የሚጠራበት ስም «ጊዞቲያ አቢሲኒካ» ነው። የመጀመሪያው ቃል የፈረንሳዊውን የታሪክ ጸሓፊ የፍራንሷ ጊዞን ስም ለማስታወስ የተሰጠ ሲሆን፣ ሁለተኛው የአገራችንን ስም የያዘ ነው። ተልባና ሱፍ ግን በቅርብ ምሥራቅ ለምደው ከጥንት ጀምሮ ወደ እኛ የተሻገሩ ናቸው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአክሱም አካባቢ በተደረገው ቍፋሮ ከተገኙት የእህል ቅሪቶች መካከል ተልባም ኑግም ነበሩበት። ከዚህ የምንረዳው የቅባት እህል በገበታችን ላይ የትናንት እንግዳ አለመሆኑን ነው።

የአዊ አገር ለዚህ ገበታ የሚሆነውን ሁሉ በአንድ ቀበቶ ውስጥ የያዘ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት፣ ዝናብና ብርድ የሚበዛባት ስትሆን፣ ገብስ፣ ባቄላና ተልባ የሚወዱት ደጋ ነው። ወደ ሰሜን ወደ ዳንግላ ሲወረድ መሬቱ የጤፍ፣ የዳጉሳና የኑግ ይሆናል። በምዕራብ ያለው የጃዊ ቆላ ደግሞ የሰሊጥ አገር ነው። ኑግ ውሃ በሚቋጥር መሬት ላይ እንኳ ይበቅላል፤ በኑግ ማሳ ላይ በተከታዩ ዓመት የሚዘራ ጤፍ መልካም ፍሬ እንደሚሰጥም ገበሬው ያውቃል። ኑግ ፍሬ የሚይዘው ነፍሳት ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ስለ ሆነ ንብና ኑግ ተጠቃቃሚዎች ናቸው። እንግዲህ ብሩስ ያደነቀው የአገው ማርና ብሩስ ያላነሣው የጾም ማባያ ከአንድ ማሳ ሊገኙ የሚችሉ ነበሩ ማለት ነው።

ጽሑፍ በጎደለበት ቦታ ተረትና ምሳሌ ምስክር ይሆናል። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ይባላል፤ «ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል። ሽማግሌ እርቅ ሲያወርድ፣ ተሟጋችም በዳኛ ፊት ሲናገር እነዚህን ቃላት ማንም ሳይተረጕምለት ሁሉም የሚረዳቸው፣ የቅባት እህል ሲወቀጥ ያላየ ሰው ስላልነበረ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሱፍ ውሃ ሲዘጋጅ ሱፉ ይለቀምና እንዳያር እየተጠነቀቁ ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል። ከዚያም በሙቀጫ ተወቅጦ ገለባው ይነፋል፤ ፍሬው እስኪልም ድረስ ይፈጫል። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በጥሩ ወንፊት ሲጠለል ነጭ፣ ወፈር ያለ ፈሳሽ ይወርዳል። ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ከገባበት በኋላ እንጀራ ሲፈተፈትበት የሱፍ ፍትፍት ይሆናል።

ስልጆ ከዚህ የሚያልፍ ሥራ ነው። የተጠለለው የሱፍ ውሃ በድስት ይፈላል፤ የባቄላ ዱቄት ጥቂት በጥቂት እየተነሰነሰበት እንዳይጓጉል ይማሰላል። እንደ ቀጭን ገንፎ ሲሆን ወርዶ ይበርዳል። ሲበርድ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ይጨመርበትና በንጹሕ ማሰሮ ተከድኖ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ሲከፈት ጎምዛዛ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ለስላሳ ማባያ ሆኖ ይገኛል፤ እንጀራም እየተጠቀሰበት ይበላል። ሰናፍጩ ድስቱ ሳይበርድ ከገባ ኀይሉን ስለሚያጣ፣ ጊዜውን ማወቅ የባለሙያ ሴት መለያ ነው።

ተልባ ታምሶና ተፈጭቶ በውሃ ሲበጠበጥ ዝልግልግ ይላል፤ በርበሬና ጨው ሲገባበት ሳይበስል ማባያ ይሆናል። ኑግም ታምሶ ከጨውና ከቅመም ጋር ይወቀጣል፤ ቅርፊቱ ጥቁር ስለ ሆነ እንደ ሱፍ አይነጣም፤ ቅባቱ ግን ብዙ ነው። ከኑግ ፍሬ ክብደት ከመቶ ከ30 እስከ 50 የሚደርሰው ዘይት ነው። የተፈጨውን ኑግ በፈላ ውሃ እያማሰሉ፣ በላይ የሚሰፈውን ዘይት እየቀዱ ማውጣትም የቆየ የቤት ሥራ ነው።

እናቶቻችን በልምድ የደረሱበትን ሳይንስ ኋላ መጥቶ አስረድቶታል። ዘይትና ውሃ በተፈጥሮ አይዋሐዱም። ፍሬው ሲልም ግን ዘይቱ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይከፋፈላል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነጠብጣቦቹን ከብቦ በውሃው መካከል ተበትነው እንዲቆዩ ያደርጋቸዋል። የሱፍን ውሃ ወተት የሚያስመስለው ይኸው ነው፤ የላም ወተትም ቢሆን የሚነጣው በአብዛኛው በዚሁ ሥርዓት ነው። ስለ ስልጆም ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፣ ማባያውን የሚያጎመዝዙት እርጎን የሚያረጉት ዓይነት ተሐዋስያን ናቸው። ጎምዛዛነቱም ምግብ የሚያበላሹትን ይከላከላል።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ያለፈውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ከውጭ አገር በብዛት የሚገባው የፓልም ዘይት በከተማም በገጠርም የወጥ ቤቱን ቦታ ይዟል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ደግሞ ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት ለከሰል እየተተከለ ብዙ የእርሻ መሬት ሸፍኗል፤ ለገበሬው ገንዘብ ማስገኘቱ የማይካድ ቢሆንም፣ እህል ይዘራበት የነበረውን ማሳ ማጥበቡም እውነት ነው። ኑጋችን ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካና በአውሮፓ የወፍ መኖ ሆኖ ይሸጣል። በሌላ በኩል ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የተዉ የውጭ አገር ሰዎች የእኛን የጾም በያይነቱ ፈልገው ይመጣሉ። እንግዳው የሚፈልገውን ነገር ባለቤቱ ቢረሳው የሚያሳዝን ይሆናል።

ስለ ዘሩ የታሰበበት ነገር አለ። በ1976 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት የኑግን፣ የተልባንና የሱፍን ዘር ከየአገሩ ሰብስቦ በቀዝቃዛ ክፍል ያስቀምጣል። ነገር ግን ዘሩ ተቀምጦ ሙያው ቢጠፋ፣ የልጅ ልጆቻችን ፍሬውን ይዘው ምን እንደሚያደርጉበት የሚነግራቸው አያገኙም። ሱፉ ስንት ጊዜ እንደሚታመስ፣ ለአንድ ጣሳ ሱፍ ስንት የባቄላ ዱቄት እንደሚገባ፣ ስልጆው በእንጅባራ ብርድ ስንት ቀን፣ በዳንግላ ሙቀት ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚያውቁት በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው። ዕውቀታቸውም ያለው በእጃቸውና በምላሳቸው ላይ እንጂ በመዝገብ አይደለም።

ስለዚህ በአዊ ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ መምህራን፣ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ወጣቶች፣ በባህልና በእርሻ መሥሪያ ቤቶች የምታገለግሉ ሹማምንት ሆይ፤ ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ደብተርና እርሳስ ይዞ ከአያት ምድጃ ዳር መቀመጥን፣ በአገውኛም በአማርኛም የዕቃውንና የሥራውን ስም ጠይቆ መጻፍን፣ መጠኑን መስፈርን፣ ቀኑን መቍጠርን ብቻ ይፈልጋል። ብሩስ የመቅመቆን ሥር በመመዝገቡ የአገውን ቅቤ ታሪክ እስከ ዛሬ አቆይቶልናል። የሱፉን፣ የተልባውንና የኑጉን ታሪክ ለመጻፍ ግን ከሩቅ አገር የሚመጣ መንገደኛ መጠበቅ አይገባንም።