ባሕሩ ያልተከፈለላቸው መንገደኞች

እ.ኤ.አ. በ1862 ብዙ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተሰቦች በጎንደር ምድር የነበራቸውን ቤትና ማሳ ትተው ወደ ሰሜን ተነሡ። የመሯቸው አባ መሐሪ የተባሉ መነኩሴ ነበሩ። ሐሳባቸው ኢየሩሳሌም መግባት ነው። ለሙሴ የኤርትራን ባሕር የከፈለ አምላክ ለእነሱም ይከፍላል ብለው አምነዋል።

ጉዞው ያለ ምክንያት አልተጀመረም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚሲዮናዊ ከለንደን መጥቶ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ፈቃድ በቤተ እስራኤል መንደሮች መስበክ ጀምሮ ነበር። ሚሲዮናውያኑ የመነኮሳቱን ሥርዓትና የእንስሳ መሥዋዕቱን አጥብቀው ይነቅፋሉ። ክርክሩ እስከ ንጉሡ ፊት ደረሰ። ሃይማኖታቸው የተነካባቸው ሽማግሌዎች ይህን ሁሉ ሲያዩ፣ የመዳን ቀን መቃረቡን የሚያመለክት ምልክት ነው አሉ።

ትግራይ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ጠበቃቸው። ብዙዎች እዚያው አለቁ። ከተረፉት አንዳንዶቹ በትግራይ መንደር መሥርተው ቀሩ፤ ሌሎቹ በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ባሕሩ አልተከፈለም።

እንዲህ ያለ ስብራት የደረሰበት ሕዝብ ጸሎቱን ቢተው ማን ይፈርድበታል? ቤተ እስራኤላውያን ግን ኢየሩሳሌምን ከልባቸው አላወጡም። ጊዜው ገና ነው ብለው መጠበቃቸውን ቀጠሉ። ለዚህ ጽናት ትልቁን ድጋፍ የሰጣቸው ከአባቶቻቸው የወረሱት ዓመታዊ ሥርዓት ይመስላል፤ ስግድ።

ስግድ የሚውለው ከማስተሰረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ነው። ሕዝቡ ሰውነቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣል። ቄሶች ኦሪቱን ይዘው ከፊት ይቀድማሉ፤ ምእመናን የትሕትና ምልክት እንዲሆን ድንጋይ ተሸክመው ይከተላሉ። ተራራው ላይ ቃሉ በግዕዝ ይነበባል፤ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል። ሰው ይሰግዳል፣ ያለቅሳል፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይለምናል። ከሰዓት በኋላ በዝማሬና በእልልታ ወርዶ ጾሙን ይፈታል፤ አብሮ ይበላል፣ ይጠጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር አካባቢ የምትገኘው አምቦበር የታወቀች የስግድ መሰብሰቢያ ነበረች።

ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ የነህምያ ነው። ከባቢሎን ምርኮ ተመልሰው የፈረሰችውን ከተማ ያገኙት ሰዎች ጾመው የተናዘዙት ኑዛዜ እዚያ ተጽፏል። ኢየሩሳሌምን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች፣ ተመልሰው የገቡትን ሰዎች ጸሎት በየዓመቱ ይጸልዩ ነበር ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት መዘግየቱ አይሸፈንም፣ ኀዘኑም አይታፈንም፤ ሁለቱም ከንስሐ ጋር በግልጽ እግዚአብሔር ፊት ይቀርባሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ እርሻው፣ ወደ ሸክላውና ወደ ብረት ሥራው ይመለሳል። መጠበቅ ከሕይወት አላስቀራቸውም፤ ያለዚህ ልማድ ያን ያህል ዘመን መጠበቅም ከባድ በሆነ ነበር።

ፈተናው በ1862 አላበቃም። የሱዳን ድርቡሽ ጦር እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን አቃጠለ። ከብቱን የጨረሰው በሽታና አብሮት የመጣው ረሃብ፣ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ዘመን፣ ከቤተ እስራኤልም ብዙ ሕዝብ ፈጀ። መንደሮች ባዶ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ አይሁዳዊ ምሁር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከዓለም አይሁድ ጋር ሊያገናኛቸው መድከም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1955 ጥቂት ወጣቶች ለትምህርት ወደ እስራኤል ተላኩ። ብዙኃኑ ግን አሁንም በየዓመቱ ተራራ እየወጣ ይለምን ነበር።

የእስራኤል መንግሥት አይሁድ ወደ አገሪቱ እንዲገቡ የሚፈቅደው የመመለሻ ሕጉ ቤተ እስራኤልንም እንደሚመለከት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ያኔም መንገዱ አልቀለለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሺዎች በሌሊት እየተጓዙ በእግር ሱዳን ገቡ፤ ማንነታቸውን ደብቀው እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኞች ጣቢያዎች ተጠለሉ። በመንገድና በጣቢያዎቹ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1984 የተጀመረው፣ የሙሴ ዘመቻ የተባለው የእስራኤል ዘመቻ በጥር 1985 ከመቋረጡ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩትን ከሱዳን ወደ እስራኤል አሻገረ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ደግሞ የሰሎሞን ዘመቻ የተባለው በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወሰደ። አባ መሐሪ ጉዞ ከጀመሩ 129 ዓመት ሆኖ ነበር። በአባ መሐሪ ጉዞ የሞቱት ይህን አላዩም፤ ሱዳን ላይ የወደቁትም አላዩም። የእነርሱ እምነት ያልተመለሰ ልመና ተሸክሞ የሄደ እምነት ስለሆነ፣ ከደረሱት እምነት አሳንሶ የሚያየው ሊኖር አይገባም።

የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ አወጀ። ዛሬ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው፣ ባለ ቀለም ጥላቸውን ዘርግተው፣ ኢየሩሳሌምን ቁልቁል ከሚያሳየው የአርሞን ሐናፂቭ ኮረብታ ላይ ይቆማሉ። ከተማዋ ዓይናቸው ፊት ናት፤ ጾሙና ኑዛዜው ግን አልቀረም፤ የቤተ መቅደሱን መሠራት እየጠበቁ ይጸልያሉ። ብዙ ቤተሰብም ገና ሙሉ አይደለም። በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት ያስቆጠሩ፣ እናት ወይም ወንድም እስራኤል ገብቶ እነሱ የቀሩ ሰዎች አሉ፤ በዚያው ቀን እነሱም ጾመው ይሰግዳሉ።