ጉዠንግ፡- ትዝታ የመሰለኝ የቻይና ዜማ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ከጓደኛዬ ጋር ምሳ እየበላን ሳለ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ሙዚቃ ጆሮዬን ያዘው። “ይሄ ትዝታ አይደለም እንዴ?” አልኩት። ሙዚቃ የተማረው ጓደኛዬ ሳቀብኝ፤ “ግን ጨርሶ አልተሳሳትክም” አለኝ። መሣሪያው ጉዠንግ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በማንበብና በማድመጥ ያገኘሁትን፣ ለመሣሪያው አዲስ ለሆነ አንባቢ ይጠቅም ይሆናል በሚል እነሆ ብያለሁ።

ጉዠንግ ምንድን ነው?

የበገናና የክራር ክሮች ከላይኛው ቀንበር እስከ ድምፅ ሳጥኑ የተወጠሩ ናቸው። ጉዠንግ ግን ቀንበር የለውም። 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ሳጥን ሲሆን፣ ክሮቹ በላዩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድመው ይዘረጋሉ። የላይኛው ገጹ ፓውሎኒያ ከሚባል ቀላል እንጨት ይሠራል። ከእያንዳንዱ ክር ሥር አንድ ተንቀሳቃሽ ብርኩማ ይቆማል። በሰያፍ የተደረደሩትን ብርኩማዎች ቻይናውያን በሰልፍ ከሚበርሩ የዱር ዝይዎች ጋር ያመሳስሏቸዋል።

መሣሪያው ከ2,200 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሊ ሲ የተባለው ሹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ237፣ በኋላ የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ለሆነው ንጉሥ ባቀረበው ጽሑፍ የአገሬው ሙዚቃ መለያ አድርጎ ጠቅሶታል። የክሮቹ ቁጥር በየዘመኑ እየጨመረ መጥቶ፣ ዛሬ የተለመደው ባለ 21 ክር ጉዠንግ በሻንጋይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ድሮ ሐር የነበረው ክርም አሁን በናይለን የተጠቀለለ ብረት ሆኗል። የጃፓኑ ኮቶ፣ የኮሪያው ጋያገምና የቬትናሙ ዳን ትራን የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው።

ለምን ትዝታ መሰለኝ?

ክሮቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚቃኙት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብለው ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች ደግሞ የእኛው ሜጀር ትዝታ ድምፆች ናቸው። ጆሮዬ የዘመድ ድምፅ የሰማ የመሰለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ልዩነቱ ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። ቀኝ እጅ በጣቶቹ ላይ በፕላስተር በሚታሰሩ ጥፍር መሰል መምቻዎች ከብርኩማው በስተቀኝ ክሩን ይመታል። ግራ እጅ ከብርኩማው በስተግራ ያንኑ ክር እየተጫነ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ከፍ ያደርገዋል፣ መልሶ ያወርደዋል። በቅኝቱ ውስጥ የሌሉት ፋ እና ሲ እንኳ የሚገኙት የሚ እና የላ ክሮችን በመጫን ነው። ያን ዕለት እኔ የሰማሁት የቀኝ እጁን ብቻ ነበር። የግራውን መስማት ስጀምር ትዝታው ጠፋና የቻይናው ዜማ ቀረ።

ከጉቺን ጋር እንዳይምታታ

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ጉዠንግ ነው ብዬ በስጦታ ያበረከትኩት ሲዲ የጉቺን ሆኖ ተገኘ! ጉቺን 7 ክሮች ብቻ ያሉት፣ ብርኩማ የሌለው፣ በገጹ ላይ 13 የጣት ምልክት ነጥቦች ያሉበት፣ ድምፁ ዝግ ያለ የሊቃውንት መሣሪያ ነው። ዩኔስኮ በ2003 ከሰው ልጆች ድንቅ ቅርሶች ተርታ ያሰለፈው እሱን ነው። በ1977 በቮያጀር መንኮራኩሮች ወደ ጠፈር የተላከው የጓን ፒንግሁ ጨዋታም የጉቺን እንጂ የጉዠንግ አይደለም።

ከየት ልጀምር?

በቅድሚያ “ዩ ዡ ቻንግ ዋን” የተሰኘውን፣ የዓሣ አጥማጆችን የምሽት ዜማ የሚያሰማ ሥራ ያድምጡ። የተረጋጋ ስለሆነ ግራ እጅ የምትሠራውን ለመለየት ይመቻል። ቀጥሎ ዋንግ ቻንግዩአን በ1965 የደረሰችውን “ዣን ታይፈንግ” ይሞክሩ። የሻንጋይ ወደብ ሠራተኞች ከአውሎ ነፋስ ጋር የሚያደርጉትን ትግል የሚያሳይ ነው። እዚህ ላይ ከብርኩማው በስተግራ ያለው ያልተቃኘው የክር ክፍል ሳይቀር እየተጠረገ የማዕበሉን ድምፅ ያወጣል። ከተቻለ በቪዲዮ ይመልከቱት።

ዛሬ አንድ ሰው ጉዠንግ ሰምቶ “ትዝታ ነው” ቢለኝ አልስቅበትም። ግራ እጁን ተከተል እለዋለሁ።

መልካም ማድመጥ!