የስልሳዎቹ ሞት በቤተ ልሔም፤ የኅዳር 1967 ዓ.ም. ትዝታ

ስለ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት መገደል የሚጽፉ ሁሉ የሚጀምሩት ከኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ሌሊት፣ ከአዲስ አበባው ከርቸሌ፣ ሕዝቡ ዓለም በቃኝ ከሚለው ወህኒ ቤት ነው። ተገቢም ነው። ሆኖም መርዶ በደረሰበት አገር ሁሉ እንደየአገሩ ልማድ ይለቀሳል፤ ወይም ሳይለቀስ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ያን ጊዜ በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ ሳለሁ ያየሁትን ነው።

ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በየደብሩ ድጓ የተማረ ሁሉ ለመምህርነት እንዲበቃ እዚያ ወርዶ ያስመሰክራል፤ ዜማው፣ ምልክቱና ንባቡ ከቤተ ልሔሙ ድጓ ጋር ይመሳከራል። አንዲት ምልክት የሳተ ይታረማል፤ ደጋግሞ የሳተ እንደገና ይቀጽላል። ወቅቱ ዘመነ አስተምሕሮ ነበር፤ ከኅዳር 6 ቀን ጀምሮ በድጓው ምሕረት የሚለመንበት። ኅዳር 14 ደግሞ የጾመ ነቢያት ቅበላ ስለሆነ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ያልን ተማሪዎች በአኩፋዳችን ከወትሮው የተሻለ ይዘን ተመለስን። ሌሊቱን ለእሑድ ማኅሌት ቆምን። ጥይቱ በዚያው ሌሊት መተኮሱን የሰማነው በማግሥቱ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ትራንዚስተር ሬዲዮ የነበረው አንድ ነጋዴ ወደ ደጀ ሰላም መጥቶ የሰማውን ተናገረ። ደርግ ነገሩን የፖለቲካ ውሳኔ ብሎታል። ነጋዴው ያስታወሳቸውን ስሞች እያቆራረጠ ጠራ፤ ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን፣ ራስ አሥራተ ካሣ፣ ሬር አድሚራል እስክንድር ደስታ። እስከዚያ ወር ድረስ የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም ከሟቾቹ ጋር ተጠሩ። (እርሳቸው በቤታቸው በተኩስ ልውውጥ እንደሞቱ የተረዳነው ቆይቶ ነው።)

ካህናቱ ስለ ፖለቲካው አልጠየቁም። የጠየቁት የሟቾቹን የክርስትና ስም ነው። ጸሎተ ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ሲሆን፣ ከሬዲዮው የተሰማው ማዕርግና የዓለም ስም ብቻ ነበር። አስከሬናቸውም ለቤተሰብ አልተሰጠም። አንዳንዶቹ ካህናት ያለ ስም አይሆንም ሲሉ፣ ሌሎቹ እግዚአብሔር ስማቸውን አያጣውም አሉ።

በዚህ መካከል ከዋድላ የመጣ አንድ ጓደኛችን ተነሣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው የወሎ ረኀብ እናቱንና ሦስት ታናናሾቹን አጥቷል። ረኀቡን የሸሸጉት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ለእነርሱ ፍትሐት አልቆምም አለ። ቀጥሎም እናቴን ማን ፈታት? ብሎ ጠየቀ። ደርግ ረኀቡን ለራሱ ዓላማ እንደተጠቀመበት ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ በቴሌቪዥን የታየው ያለ ምክንያት አልነበረም። የጓደኛችን ንግግር ግን ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቴሌቪዥን የሚባል ዕቃ አይቶ አያውቅም፤ እናቱን ከመንገድ ዳር የቀበራት ራሱ ነው።

የኔታ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና የእናትህና የወንድሞችህ የክርስትና ስም ማን ነው? አሉት። አራቱንም ተናገረ።

ሰኞ ጧት ካህናቱ መጽሐፈ ግንዘቱን ይዘው ወጡ። በመጀመሪያ የአራቱ ስም እየተጠራ ፍትሐት ተደረሰ። ከዚያ በኋላ ስልሳዎቹ ስማቸው ሳይነሣ ታሰቡ። ይህ ሲጀመር ጓደኛችን መቋሚያውን ይዞ ወጣና ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። የኔታ ተመለስ አላሉትም። እኔ ውስጥ ቀረሁ፤ ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነበር።

የስልሳዎቹ አፅም ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ከጅምላ መቃብሩ ወጥቶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አርፏል። ስለዚያ ዘመን ቃላዊ ታሪክ ለመሰብሰብ ወደ ገጠር የሚወጡ ተማሪዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮው ምን አለ? ብለው ይጠይቃሉ፤ አጭር መልስም ይዘው ይመለሳሉ። በጋይንትና በአካባቢው ፍትሐት ተደርጎ ነበር ወይ? ለማን? በማን ስም? ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ዕድሜያቸው የገፋ መሪጌቶች ለዚህ ጥያቄ ዝርዝር መልስ አላቸው፤ የሚጀምሩትም ከስልሳዎቹ ሳይሆን በረኀቡ ካጧቸው የየራሳቸው ሰዎች ነው።