የአውራ ጣት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በአጥንት ውስጥ መጽናቱ እንዴት ይለካል?

መግቢያ

የአውራ ጣት መሠረት የሆነው መገጣጠሚያ የሚገኘው በመዳፍ አጥንትና ትራፒዚየም በምትባል ትንሽ አጥንት መካከል ነው። በዕድሜ የሚሸረሸር ሲሆን ከማረጥ በኋላ ባሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። ኩኒና ቻው እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሰሉት፣ በጣቶች ጫፍ የ1 ኪሎ ግራም ቁንጠጣ በዚህ መገጣጠሚያ ላይ 12 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ያሳርፋል፤ በጠንካራ ጭበጣ ጊዜ ጫናው እስከ 120 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ዴ ላ ካፊኒየር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሁለት ክፍል ነበረው፤ በመዳፍ አጥንት የሚተከል ባለ ድቡልቡል ራስ ዘንግና በትራፒዚየም የሚቀመጥ ጎድጓዳ ክፍል። ቀድሞ የሚላላው በአብዛኛው ጎድጓዳው ክፍል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው፣ የጽናት ፍተሻ ተከላውን ከመመዘኑ በፊት ራሱን መመዘን እንዳለበት ነው።

የመለኪያው አሠራር

ተራ ራጅ መላላትን የሚያሳየው ዘግይቶ፣ በአጥንቱና በተከላው መካከል ክፍተት ከታየ በኋላ ነው። ስዊድናዊው ዮራን ሴልቪክ በ1974 በሉንድ ያቀረበው የስቴሪዮ ራጅ ትንተና ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይደርሳል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ዲያሜትራቸው ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የታንታለም ቅንጣቶች አጥንቱ ውስጥ ይቀበራሉ። ከዚያ በየቀጠሮው ከሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ራጅ ይነሣል፤ የቅንጣቶቹና የተከላው አቀማመጥም በሦስት አውታር ይሰላል። በቀጠሮዎቹ መካከል የታየው ልዩነት ተከላው የተንሸራተተው መጠን ነው።

ስሌቱ ቢያንስ ሦስት፣ በአንድ መስመር ላይ ያልተሰለፉ ቅንጣቶችን ይፈልጋል። ለዳሌና ለጉልበት ይህ ቀላል ነው። ትራፒዚየም ግን ጠባብ ናት፤ ከፊሏ ለተከላው ተቦርቡሯል፣ ብረቱም ቅንጣቶቹን ይጋርዳል። ቅንጣቶች ተጠጋግተው ሲቀመጡ ትንሽ የንባብ ስሕተት ትልቅ የመዞር ስሕተት ይወልዳል። ተከላው በቅርጹ ብቻ የሚለይ ከሆነ ደግሞ ክብ ጎድጓዳ ክፍል በራሱ ዛቢያ ቢዞር እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ በአውራ ጣት ላይ ከመዞር ይልቅ የመንሸራተት ልኬት የበለጠ ይታመናል።

ፍተሻውን መፈተሽ

ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ተከላውን በሞዴል አጥንት ላይ በታወቀ መጠን አንቀሳቅሶ፣ ዘዴው ያንኑ መጠን መመለሱን ማየት ነው። ሁለተኛው አንድን ታካሚ በአንድ ቀን፣ እጁን አንሥቶ እንደገና በማስቀመጥ፣ ሁለት ጊዜ ራጅ ማንሣት (ድርብ ምርመራ) ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ተከላው አልተንቀሳቀሰም፤ የተነበበው ሁሉ የመለኪያው ስሕተት ነው። ከዚህ ስሕተት ያነሰ መንሸራተት በአንድ ታካሚ ላይ ቢነበብ ማስረጃ አይሆንም።

ውጤቱን ማንበብ

አዲስ የተተከለ ምሰሶ በመጀመሪያው ዝናብ ትንሽ ሰርጎ ሊጸና እንደሚችል ሁሉ፣ ተከላም በመጀመሪያዎቹ ወራት ተንሸራቶ ሊረጋ ይችላል። የሚያሠጋው የማያቆመው ነው። በጉልበት ላይ ሪድና ባልደረቦቹ በ1995 እንዳሳዩት፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ዓመት መካከል ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ መንሸራተት የኋላ መላላትን ይጠቁማል። ይህን ወሰን እንዳለ ወደ አውራ ጣት ማሻገር ግን አያስኬድም፤ አጥንቱም፣ ጫናውም፣ የመለኪያው ስሕተትም ይለያያሉ።

በ2013 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት በሲሚንቶ የተያዘና ያለ ሲሚንቶ የገባ ጎድጓዳ ክፍልን በዕጣ መድቦ ለ2 ዓመት በዚሁ ዘዴ ሲያነጻጽር ተመጣጣኝ ጽናት አግኝቷል። ሆኖም የቡድን አማካይ ብዙ የጸኑ ተከላዎችን ከጥቂት የላሉ ጋር ቀላቅሎ አደጋውን ሊሸፍን ይችላል።

ማጠቃለያ

እንዲህ ያሉ ጥናቶች በቅድሚያ የድርብ ምርመራውን ስሕተት፣ ቀጥሎም የእያንዳንዱን ታካሚ የጊዜ መስመር፣ በመጨረሻ አማካዩን ቢያቀርቡ ይበጃል። የዘዴው ትክክለኛነት ጥቂት ታካሚዎችን ብቻ በማሳተፍ ቀድሞ ለማስጠንቀቅ ያስችላል። አዲስ ተከላ ለሺዎች ከመሸጡ በፊት እንዲህ ያለ ፍተሻ ቢያልፍ፣ ድክመቱ የሚገለጠው በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ብዛት አይሆንም።